አንድ ሰው የቀረው!

«አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው! ነማ ቶኮ!»

አዳማ መናኸሪያ ይህን ጥሪ ሰምቶ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ እየሮጠ የገባ መንገደኛ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሳይቀመጥ ሁለተኛው «አንድ ሰው» ከኋላው ይገባል። ሦስተኛው «አንድ ሰው» ሲመጣ ጉልበቱን ሰብሰብ ያደርጋል። አራተኛዋ «አንድ ሰው» ዶሮ ይዛለች። አምስተኛው ላይ ትዕግሥቱ ያልቅና «ወንድም፣ አንድ ሰው ነው የቀረው ብለህ አልነበር እንዴ?» ይላል። ረዳቱ ቅንጣት አይደነግጥም። «አዎ ጋሼ፣ አንድ ሰው ነው፤ እስቲ ጠጋ በሉላት» ብሎ አንገቱን በመስኮት ያወጣና ካቆመበት ይቀጥላል። «አንድ ሰው!»

ዋሽቷል? ሚኒባሱ ውስጥ ድምፅ ቢሰጥ ዶሮዋም ጭምር ትፈርድበታለች። እኔ ግን ጠበቃው ሆኜ ልቁምለት። በሒሳብ ቋንቋ «አንድ አለ» ማለት «ቢያንስ አንድ አለ» ማለት ነው። አምስት ባዶ ቦታ ባለው መኪና ላይ «አንድ ባዶ ቦታ አለ» ያለ ሰው እውነት ተናግሯል። «አንድ፣ እሱም አንድ ብቻ» ማለት የፈለገ የሒሳብ ሰው ከ«አለ» ምልክቱ ጎን ቃለ አጋኖ ያስቀምጣል። ይህን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፣ መጻሕፍቱ ላይ ያለ አጻጻፍ ነው። የረዳቱ ጩኸት በተፈጥሮው ቃለ አጋኖ ስላለበት ተሳፋሪው «አንድ ብቻ» ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም። ጥፋቱ የሥርዓተ ነጥብ ነው። «የቀረው» የምትለዋ ቃል ለጠበቃው ትንሽ ታስቸግራለች፤ እሷን በይግባኝ እናያታለን።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚመረምረው ትምህርት ፕሬዲኬት ሎጂክ ይባላል። እዚያው አዳማ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ በተጀመረው፣ ዛሬ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ ውስጥ የሚያውቁት ብዙ ናቸው። በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የተዘጋጀው የሒሳብ ሞጁልም የሚጀምረው በሎጂክ ነው። ተማሪው ገና ከመኝታ ክፍሉ አልጋ ጋር ሳይላመድ ሁለት እንግዳ ምልክቶች ይቀበሉታል። አንዱ በአናቱ የተዘቀዘቀ የላቲን «ኤ» ነው፤ «ለሁሉም» ማለት ነው። ሌላው ፊቱን ያዞረ «ኢ» ነው፤ «አለ» ማለት ነው። ሁለተኛውን ጣሊያናዊው ጁሴፔ ፔያኖ እ.ኤ.አ. በ1897፣ የመጀመሪያውን ደግሞ ጀርመናዊው ጌርሃርድ ጌንትዘን በ1935 አመጡት። ሐሳቡን ግን ከሁለቱም ቀድሞ በ1879 በአንዲት ቀጭን መጽሐፍ የዘረጋው ጎትሎብ ፍሬገ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ነው። ተማሪው እነዚህን ሁሉ ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል። ከዚያ ከፈተና አዳራሹ ወጥቶ ለጓደኛው «የሒሳብ አስተማሪ ሁሉ ክፉ ነው» ይለዋል።

ሞጁሉ ከሚያስተዋውቃቸው ነገሮች አንዱ «ክፍት» የሚባለው ዓረፍተ ነገር ነው። «ኤክስ ከአምስት ይበልጣል» ቢባል፣ ኤክስ ማን እንደሆነ እስካልተነገረን ድረስ ነገሩ እውነትም ሐሰትም አይባልም። ተማሪዎች ይህ ይከብዳቸዋል ይባላል። የሚገርመኝም ይሄ ነው። ምክንያቱም እናቶቻቸው ቡና የሚጠጡት ከዚሁ ጋር ነው። «ሰውየው ቤቱን ሸጠው አሉ።» የቱ ሰውዬ? «ያ እንኳ…» ያ ማን? «አንቺ ደግሞ፣ ታውቂው የለ!» አቦል ላይ ኤክስ የነበረው ሰው ቶና ላይ ሰፈር ያገኛል፣ በረካ ላይ የሚስቱ ዘመዶች እስከ ሦስት ቤት ይቆጠራሉ። ስሙን ግን ማንም አልጠራም። ዓረፍተ ነገሩ እስከ መጨረሻው ክፍት ነው፤ ስለዚህ እውነትም ሐሰትም ያወራ የለም፣ ሐሜተኛም የለም። ስኒው ታጥቦ ይነሳል።

ተረትና ምሳሌዎቻችንም «ለሁሉም» ይሁኑ «ለአንዳንድ» ሳይነግሩን የሚያልፉ ናቸው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። እንቁላል ሁሉ? ከዶሮ ወጥ ውስጥ ወጥቶ የሄደ እስካሁን አላየንም። በዚያው አፋችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንላለን። ሁለቱም ለሁሉም ነገርና ለሁሉም ጊዜ ከተባሉ አብረው ማደር አይችሉም። ሆኖም አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም፣ ምክንያቱም የሚጠሩት በተራ ነው። ብድር ያለበት ሰው የመጀመሪያውን ይተርታል፣ አበዳሪው ሁለተኛውን። ዕዳው ሲከፈልና ያው ተበዳሪ አበዳሪ ሲሆን ተረቶቹ ቤት ይቀያየራሉ።

«ሁሌ» የምትባለውም የ«ለሁሉም» ታናሽ እህት ናት፤ የምትቆጥረው ሰው ሳይሆን ጊዜን ነው። አዳማ ሁሌ ይሞቃል፣ አዳማ ሁሌ ነፋስ ነው፣ መብራት ሁሌ ይጠፋል። ከተማዋ አጠገብ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አሉ። የመጀመሪያው 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ተርባይኖቹ በድምሩ 136 ናቸው። አዳማ «ሁሌ» ነፋስ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ነጫጭ ክንፎች ለአንዲት ቅጽበት እንኳ ባልቆሙ ነበር። በአውራ ጎዳናው ያለፈ ሁሉ ግን የቆሙም አይቷል። (ይኸው እኔም «ያለፈ ሁሉ» አልኩ። በሽታው ተላላፊ ነው።) «ሁሌ» ስንል «ትዝ የሚለኝን ያህል» ማለታችን ነው፤ ትዝ የሚለን ደግሞ ያበሸቀን ነው። ልክ ኳስ ሊጀመር ሲል የጠፋ መብራት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያደረ መብራት ትዝ ያለው ሰው አላጋጠመኝም።

«ለሁሉም» ያለን ሰው ለመርታት ሒሳብ የሚጠይቀው እጅግ ጥቂት ነገር ነው። አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ይበቃል። እልፍ መረጃ አያስፈልግም፣ ምስክር መደርደር አያስፈልግም፣ አንድ ብቻ! (ቃለ አጋኖው የድምፅ ነው።) ይህን ያህል ርካሽ መሣሪያ እያለ ግን የሚጠቀምበት የለም። አዳማ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሮ ስለ ባጃጅ የሚያማርር ተሳፋሪ ምሳሌ ይሁነን።

«የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ዋጋ ጨማሪ ነው» ይላል ተሳፋሪው ከኋላ ወንበር።

ሹፌሩ እዚህ ላይ «እኔ ከአንተ የተቀበልኩት ታሪፉን ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ዋጋ የማይጨምር የባጃጅ ሹፌር አለ» ቢል ክርክሩ ባለቀ ነበር። እሱ ግን «ተሳፋሪ ሁሉ ዝርዝር የለውም» ብሎ በሌላ «ሁሉ» ይመታዋል። ሁለት «ሁሉ»ዎች ፊት ለፊት ይጋጫሉ፣ አንዱም አይወድቅም። ሹፌሩ ከፋው መሰል ጸጥ ሲል ተሳፋሪው ይሉኝታ ይይዘውና «አንተን አይደለም እኮ ያልኩት፣ አንተማ ወንድሜ ነህ» ይላል። በማግስቱም ሌላ ባጃጅ ውስጥ ያንኑ ይደግማል፣ ያንኑ ይቅርታ ይጠይቃል። ይህ ሰው በዓመት ውስጥ የከተማውን ሹፌር አንድ በአንድ ነጻ ያወጣል፤ «የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ዋጋ ጨማሪ ነው» የሚለው እምነቱ ግን ንክች አይልም። እያንዳንዱ ተቃራኒ ምሳሌ በአካል ሲገኝ በይሉኝታ ከ«ሁሉ» ውስጥ ይወጣል። በቀረው ባዶ ስብስብ ላይ የፈለጉትን መናገር ይቻላል።

ወደ ባዶው ስብስብ እንመለሳለን። አሁን መቂ እንድረስ።

መቂና ባቱ የቲማቲምና የሽንኩርት አገር ናቸው። በሳጥን የተጫነ ቲማቲም የሚሸጥ ሰው የላይኛውን ረድፍ እንዴት እንደሚያሰናዳ ያየ፣ ስለ «አለ» እና ስለ «ለሁሉም» የሚነገረውን ግማሽ ያህል ገብቶታል። ከላይ ያሉት ቀያይ፣ ጠንካራ፣ ፊታቸው የታጠበ ናቸው። ሻጩ አንዷን አንስቶ «እየው!» ይላል፤ ገዢው ያያል፤ «ሁሉም እንዲህ ነው?» ሲል «እያየኸው!» ይባላል። ያየው ግን «እንዲህ ያለ ቲማቲም አለ» የሚለውን ነው። ቤቱ ገብቶ ሳጥኑን ሲገለብጥ «እንዲህ ያልሆነም አለ» የሚለውን ያያል። ሁለቱ አይጋጩም፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ በሰላም አብረው ተጉዘዋል።

የእኔ ጀግና ግን አውቶቡስ ላይ የሚገኘው መድኃኒት ሻጭ ነው። ከአዳማ ወደ ሻሸመኔ ስትሄዱ አንድ ቦታ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ሞጆ፣ የቆዳ ቦርሳ ያነገበ ሰው ይገባል። ትኬት የለውም፣ ወንበር አይፈልግም። ጉሮሮውን ይጠርግና «ውድ ተሳፋሪዎች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!» ብሎ በሚያጠራጥር ፍጹም ጨዋነት ይጀምራል።

«ፈጣሪ በሽታን ሲፈጥር ያለ መድኃኒት አልፈጠረም። ትክክል ነው፣ አይደለም?»

«ትክክል ነው» ይላሉ ፊት ወንበር ያሉ እናት።

«ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት አለ። አለ አይደል ወገኖቼ?»

«አለ።»

እጁ ቦርሳው ውስጥ ገብቶ ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ይወጣል። «ታዲያ ይኸው! ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለራስ ምታት፣ ለጨጓራ፣ ለብርድ፣ ለኪንታሮት፣ እንቅልፍ እምቢ ላለው፣ እንቅልፍ ለበዛበት…»

ምን እንደተደረገ አያችሁ? «ለእያንዳንዱ በሽታ፣ መድኃኒት አለ» ብሎ ጀመረ። ሁሉም ተስማማ። «አንድ መድኃኒት አለ፣ ለእያንዳንዱ በሽታ» ብሎ ጨረሰ። «አንድ» ከምትለዋ በቀር አዲስ ቃል አልጨመረም፤ «አለ» የምትለዋን ከ«ለእያንዳንዱ» ኋላ አንስቶ ፊት አስቀመጣት። በመጀመሪያው ንግግር ለወገብ የራሱ፣ ለጨጓራ የራሱ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። በሁለተኛው ግን አንዲት ጠርሙስ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ያለውን ሁሉ ተሸክማለች። ከሁለተኛው ተነስቶ ወደ መጀመሪያው መድረስ ይቻላል፤ ጠርሙሷ ሁሉን ካዳነች በእርግጥ ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት አለ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መሻገሪያ ግን የለም። ሰውየው ግን መቂ ሳይደርስ ተሻግሮ፣ «ሁለት ለገዛ አንድ ምርቃት» እያለ ወርዷል።

ከአርስቶትል ጀምሮ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የተሠራበት ሎጂክ «ሁሉ» እና «አንዳንድ» የሚሉትን ያውቃል፤ አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብቶ የቱ ቀድሞ የቱ ተከተለ ብሎ መመርመር ግን አቅቶት ነበር። የፍሬገ ትልቁ ሥራ ይህን ማስቻሉ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል የተደናቀፈው የሞጆ መድኃኒት ሻጭ ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ታላቁ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ኦጉስታን ሉዊ ኮሺ እ.ኤ.አ. በ1821 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ስለማያልቁ ድምሮች አንድ ድንጋጌ አስቀመጠ። ከአምስት ዓመት በኋላ ኒልስ አቤል የተባለ ወጣት ኖርዌያዊ ድንጋጌው የማይሠራበት አለ ብሎ በጨዋ ቃል አመለከተ። ዛሬ ነገሩ ለተማሪ ሲብራራ፣ «ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚበቃው የራሱ ቁጥር አለ» እና «ለነጥቦች ሁሉ የሚበቃ አንድ ቁጥር አለ» የሚሉት ስላልተለዩ ነው ይባላል። ጠርሙሷ ናት! ኮሺ ሁለት ለገዛ አንድ ምርቃት አለማለቱ እንጂ።

የደላላው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ደላላ «ለሁሉም» አይወድም። የእሱ ቃል «አለ» ናት።

«ሁለት ክፍል፣ ውሃ የማይጠፋበት፣ ግቢው ጸጥ ያለ፣ ባለቤቶቹ እዚያው የማይኖሩ ቤት ፈልጌ ነበር።»

«አለ!»

«የት ነው?»

«አለ አልኩህ እኮ።»

«እንየዋ።»

«ቁልፉ ባለቤትየዋ ጋ ነው፤ እሷ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዳለች። ግን አለ።» ፈላጊው ፊቱ ሲጠቁር ደላላው የመጨረሻ ማስረጃውን ያወጣል። «አንተ ሰው፣ ይሄ ሁሉ ሕንፃ በሚሠራበት ከተማ አንድ ቤት ይጠፋል ብለህ ነው?»

ይህ ንግግር የሒሳብ ሰዎች የሚያከብሩት የማረጋገጫ ዘዴ ነው። «የለም» ብለን እንነሳ፤ ወደማይሆን ነገር ያደርሰናል፤ ስለዚህ «አለ»። ነገሩን በእጅ ሳይነኩ፣ በዓይን ሳያዩ፣ መኖሩን ብቻ ማረጋገጥ። ብዙ የከበሩ ድንጋጌዎች እንዲህ ተረጋግጠዋል። አልቀበልም ብሎ የተነሳ አንድ ግትር ሰው ነበር፤ ሆላንዳዊው ብሮወር። እ.ኤ.አ. ከ1907ቱ የዶክትሬት ጽሑፉ ጀምሮ፣ «አለ» ካልክ ወይ አሳየኝ ወይ የሚገኝበትን መንገድ ንገረኝ ሲል ኖሮ በ1966 ሞተ። የአገሩ ልጆች ከአዳማ እልፍ ብሎ ወንጂ ላይ የመጀመሪያውን ስኳር ያመረቱት በ1954 ስለሆነ ብሮወር በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበር። መጥቶ ቤት ቢከራይ ኖሮ ከደላላው ጋር ምን ይባባሉ እንደነበር ማሰብ ደስ ይለኛል። ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። የአዳማ ቤቶች ቁጥራቸው ውስን ስለሆነ ብሮወር በዚህ ጉዳይ ብዙ አይጨቃጨቅም ነበር። ውስን ነገር ላይ መንገዱ ግልጽ ነው፤ አንድ በአንድ ማንኳኳት። ቤት ፈላጊው ደላላ የቀጠረው ግን ላለማንኳኳት ነው።

እስካሁን ያነሳኋቸው ሁሉ የምምራቸው ናቸው። ረዳቱ፣ ቲማቲም ሻጩ፣ ደላላው፣ ባለ ጠርሙሱ፣ ሁሉም የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ሰሚውም እንደማያምናቸው ያውቃሉ። የማልምራቸው በአዳራሽ ውስጥ ያሉትን ነው። ወደዚያ ለመግባት ግን በዕድር በኩል ማለፍ አለብን።

የዕድሩ ሊቀመንበር ተነስተው «የዕድሩ አባላት ሁሉ መዋጮ አልከፈሉም» ይላሉ። ድንኳኑ ይናወጣል። የከፈሉት ደረሰኛቸውን እያወዛወዙ «ጋሼ፣ እንዴት እንዲህ ይባላል! እኛ ከፍለናል!» ይላሉ። ሊቀመንበሩ ማለት የፈለጉት «ሁሉም ከፍሏል የሚለው ትክክል አይደለም» ነው፤ ማለትም «ያልከፈለ አለ»። የተሰማው ግን «አንድም የከፈለ የለም» የሚለው ነው። አፍራሹን ከ«ሁሉ» በፊት ማድረግና ከ«ሁሉ» በኋላ ማድረግ በሰማይና በምድር መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ ሊቀመንበሩ ግን «አል»ን ሁለቱንም እንድትሸከም አድርገው ግሱ ላይ ጥለዋታል። የጩኸቱን አቅጣጫ ለተከታተለ ደግሞ ሌላ ትርኢት አለ። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ደረሰኝ ያልያዘው ነው።

ጸሐፊው፣ ነገር አዋቂ ሰው ናቸውና፣ ብድግ ብለው ያርሙታል። «ይቅርታ፣ አንዳንድ አባላት አልከፈሉም ለማለት ነው።» ወዲያው ጸጥታ። ሁሉም አንገቱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ያልከፈሉት ይበልጥ ይነቀንቃሉ። «ወይ አንዳንድ ሰው!» ይባባላሉ።

ይህችን «አንዳንድ» ይዘን አዳራሽ እንግባ። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ፈጣኑ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ መሥሪያ ቤት ሁሉ ራሱን ከራሱ ጽሕፈት ቤት አርቆ ስለ ራሱ ለመነጋገር ቁርስ በልቶ ይደርሳል። ቆላ ቀመስ አየር፣ አልጋ በየመንገዱ፣ አበል። በሆቴሎቹ አዳራሾች ጀርባ ላይ ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውሃ ይደረደራል፣ የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል። «በአንዳንድ ቦታዎች፣ በአንዳንድ አመራሮችና ባለሙያዎች ዘንድ አንዳንድ ክፍተቶች ታይተዋል።»

በሎጂክ ይህ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። «አለ» ይላል፤ እውነት ለመሆን አንድ ምስክር ብቻ ይፈልጋል፤ ምስክሩ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ እየያዘ ነው። ሒሳብ ውስጥ አንድ ነገር «አለ» ከተባለ ቀጣዩ እርምጃ ስም መስጠት ነው። «እንግዲያው ይህን ያለውን ነገር ‹ሀ› እንበለው» ይባላልና ሥራው በ«ሀ» ላይ ይቀጥላል። በአዳራሻችን ግን ይህ እርምጃ ነውር ነው። «አንዳንድ» እንደተባለ ቀጣዩ እርምጃ የሻይ ዕረፍት ነው። ከሻይ መልስ «አንዳንድ» ወደ «ሁላችንም» ያድጋል። «ሁላችንም ተጠያቂዎች ነን። ሁሉም ባለድርሻ አካል የበኩሉን ድርሻ ሊወጣ ይገባል።» ጭብጨባ።

መጽሐፉ እንደሚለው ለሁሉም እውነት የሆነ ነገር፣ ስብስቡ ባዶ እስካልሆነ ድረስ፣ ቢያንስ ለአንዱ እውነት ነው። ሁላችንም ተጠያቂ ከሆንን ከመካከላችን ተጠያቂ የሆነ አንድ ሰው አለ፤ እጁን ይዛችሁ «እርስዎ ነዎት» ልትሉት ትችላላችሁ። እስቲ በሻይ ሰዓት ሞክሩት። «እኔን ነው? እንዴ! ሁላችንም ነው የተባለው እኮ» ይላችኋል። ስለዚህ ወይ መጽሐፉ ተሳስቷል፣ ወይ «ሁላችንም» የሚባለው ስብስብ ባዶ ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

ባዶ ስብስብ ሒሳብ ካፈራቸው ነገሮች ሁሉ ለስብሰባ መሪ የሚመቸው ነው። ምንም ነገር በሌለበት ስብስብ ላይ «ሁሉም እንዲህ ነው» ቢባል እውነት ነው፣ ምክንያቱም ይህን የሚያፈርስ ተቃራኒ ምሳሌ ከየት ይመጣል? ተማሪው ይህን ሲሰማ ተጭበረበርኩ ይላል። ከሰዓት በኋላ በአዳማ ሙቀት አዳራሽ ገብቶ ቢያይ ግን ይገባው ነበር። ግማሹ ተሳታፊ ሶደሬ ፍል ውሃ ገብቷል፣ ሩቡ አልጋው ላይ ነው፣ የቀረው በር ላይ ስልክ እያወራ ነው። ሰብሳቢው ማይኩን አቅርበው «በቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ላይ ተቃውሞ ያለው?» ይላሉ። ጸጥታ። «ድምፀ ተአቅቦ?» የአየር ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» አልዋሹም። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሁሉ ደግፏል። ወንበሩም ሁሉ እንዲሁ።

በመጨረሻው ቀን ግን ሁሉም ይመጣል። ይህ የእኔ «ሁሌ» አይደለም፤ አንድ በአንድ ሊቆጠር የሚችል «ሁሉም» ነው። ከአዳራሹ ውጭ ጠረጴዛ ይቀመጣል፣ ከጀርባው የሒሳብ ክፍሏ ሴት ትቀመጣለች፣ ፊቷ ላይ የአበል መክፈያው ቅጽ አለ። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የሥራ ኃላፊነት፣ የቀን ብዛት፣ የገንዘብ መጠን፣ ፊርማ። ሦስት ቀን ሙሉ የጠፋው ጥንቃቄ የተገኘው እዚህ ነው። «ለአንዳንድ ተሳታፊዎች ይከፈል» የሚል የለም። «ሁላችንም ተቀብለናል» ብሎ የሚያልፍ የለም። ለእያንዳንዱ ስም የፈረመ ሰው መኖር አለበት፤ ቅጹ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ኦዲተር ቢመጣም የሚመለከተው ይህንኑ ነው።

ሴትዮዋ መነጽሯን አስተካክላ ቅጹን ወደ ብርሃኑ ታቀርባለች። ከተራ ቁጥር 14 እስከ 20 ድረስ ለእያንዳንዱ ስም ፊርማ አለ። ሰባቱም በአንድ እስክሪብቶ ተፈርመዋል፤ ሰባቱም ጫፋቸው ላይ አንድ ዓይነት ጭራ አላቸው። ለእያንዳንዱ ስም የፈረመ ሰው አለ፤ ጥርጥር የለውም። አንድ የፈረመ ሰው አለ፣ ለእያንዳንዱ ስም።

ቀና ብላ ጠረጴዛው አጠገብ የቆመውን አስተባባሪ ታየዋለች።

«እነዚህ ሰባቱ ስብሰባው ላይ ነበሩ?»

«ሁሉም ነበሩ እንጂ!»

«አሁን እዚህ አሉ?»

«አሉ።»

«ማን ማን?»

አስተባባሪው ወደ አዳራሹ ዞር፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ዞር ይልና «አንዳንዶቹ» ይላታል።